ገልብጠሽ አሳዪኝ

እቴቴ ልብስ ስታይ ከፊቱ አትጀምርም። የጫፉን እጥፋት ይዛ ትገለብጠውና ስፌቱን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቷ ጥፍር ትሄድበታለች። ጥፍሯ ሳይሰናከል ካለፈ «ማን ሰፋው?» ትላለች። ከተሰናከለ ዝም ብላ ትለቀዋለች። ከቡቲክ በስንት ብር የተገዛ ልብስ እዚያች ጥፍር ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ጥፍሯን ያሠለጠነችው መኪናዋ ናት። በእኛ ቤት መኪና ሲባል የስፌት መኪና ማለት ነው፤ ሌላ መኪና ስላልነበረን የሚምታታ ነገር አልነበረም። የእጅ ሲንጀር ናት፣ 99ኬ የምትባለው። እቴቴ እቁብ ሲደርሳት ከሰው እጅ ገዛቻት። ዋጋዋን በጠየቅናት ቁጥር ሌላ ቁጥር ስለምትነግረን መጠየቁን ትተነዋል። በየወሩ እየከፈሉ መግዛትን ያስለመደው ሲንጀር ራሱ ነው፤ የአይዛክ ሲንጀር ሸሪክ የነበረው ጠበቃው ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዘዴ ነው። እቴቴ ግን ዕዳ አትወድም።

ግንዷ ላይ የተመታችው የናስ ምልክት ዙሪያዋ ሰማያዊ ነው። ይህ ሰማያዊ ቀለበት ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ካገኘበት ከ1851 አንሥቶ 100 ዓመት መሙላቱን ለማክበር የተደረገ ስለሆነ፣ የእቴቴ መኪና ዕድሜዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትዞራለች። 99 የተባለችው የሲንጀር 66 ታናሽ እህት ናት፤ መጠኗ የታላቋን ሦስት አራተኛ ያህላል። «ኬ» ደግሞ ኪልቦዊን ያመለክታል፤ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ክላይድባንክ ከተማ፣ በ1885 የተከፈተውና በ1980 የተዘጋው ግዙፍ ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ነው። የእንጨት ክዳኗን ባነሳሁ ቁጥር የማስባቸው ሴቶች አሉ። በ1911 በዚያ ፋብሪካ የመኪናውን ሣጥን እያሹ የሚያብረቀርቁ 12 ሴቶች ሥራ በዛብን ብለው እጃቸውን አጣጠፉ፤ 11 ሺህ ያህል ሠራተኛ ተከትሏቸው ወጣ። የእኛይቱ ክዳን ከ40 ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ ያ የእጅ ልፋት ግን ዛሬም ይታይበታል። ቁልፉ የጠፋበትን ጊዜ የሚያስታውስ የለም፤ የምንከፍተው በካቻቢቴ ነው።

ጥቁሩ ቀለም ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ የደረቀ ነው። በላዩ የሚጠማዘዘው ወርቅማ ሐረግ የድሮ ብራና መግቢያ ላይ የሚሳለውን ሐረግ ይመስለኛል፤ መስመሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ዓይን ቶሎ አይይዘውም። ከፊት ጠርዝ ላይ ግን ወርቁ የለም። ጨርቅ ነው የበላው። የእኛ የትምህርት ቤት ካኪ፣ የጎረቤት መጋረጃ፣ አቡጀዴ፣ ቴትሮን፣ ሁሉም በዚያ አልፏል።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። ተማሪ ሳለሁ መኪናዋ ስትጮህብኝ ዘይት ያማራት መሰለኝና ማጀት ገብቼ የኑግ ዘይት አመጣሁ። ላይዋ ላይ በተበሱት ቀዳዳዎች ሁሉ አንቆረቆርኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ድምጿ ጠፋ፤ ተደሰትኩ። የኑግ ዘይት ግን አየር ሲነካው እየደረቀ እንደ ሙጫ የሚይዝ ዘይት ነው። ክረምቱ ሲወጣ መዘውሯ አልነቃነቅ አለ። እቴቴ አልተቆጣችም፣ ክዳኑን ደፋችባት። ስንት ዓመት እንደዚያ ተቀመጠች!

ወደ ቤቴ ካመጣኋት በኋላ ነው በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ የተያያዝኳት። የመጀመሪያ ቀን ምንም። በሁለተኛው መዘውሩ የጣት ስፋት ያህል ሄዶ ቆመ። በአራተኛው ቀን አንድ ሙሉ ዙር ዞረ፤ አንዱ ዙር ሦስት ስፌት ነው፣ መርፌዋ ሦስቴ ወርዳ ሦስቴ ወጣች። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ።

በዚያው ሰበብ ሆዷን አየሁት። መኪናዋን ወደ ኋላ ሲያጋድሟት የሚታየው የታችኛው ክፍሏ ማንም ገዢ ሱቅ ውስጥ ገልብጦ የማያየው ነው። ዘንጎቹ የሚወዛወዙት ጫፋቸው በሾለ ብሎኖች ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ብሎን በዳዶ ታስሯል። ብረት ከብረት ሲፋተግ እንደሚያልቅ የሠራት ሰው አውቆታል። ያለቀውን ያህል ዳዶውን ፈትቶ፣ ብሎኑን ጠበቅ አድርጎ፣ ዳዶውን መልሶ ማሰር ነው፤ መለዋወጫ አያስፈልግም። ከታችኛው ክር ማጠንጠኛ ሥር ደግሞ ጥፍር የምታክል ቀይ የሱፍ ቁራጭ ተሸጉጣለች። አንድ ጠብታ የመኪና ዘይት ከጠጣች ቀስ እያለች ታጠጣለች። እኔ በኑግ ዘይት ያነቅኳት እሷንም ነበር።

ስፌቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከፈለጋችሁ የመርፌውን ሥር የሚሸፍነውን ስስ ብረት ወደ ጎን ስባችሁ መዘውሩን በጣም በዝግታ አዙሩ። መርፌዋ ክሯን ይዛ ታች ትደርሳለች። ከዚያ ትንሽ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ትመለሳለች። በዚህች ቅጽበት ጨርቁ ክሩን ቆንጥጦ ስለሚይዘው ክሩ አብሮ መውጣት አይችልም፤ በመርፌው ጠፍጣፋ ጎን በኩል ተለጥጦ ትንሽ ጆሮ ይሠራል። የመንጠቆው አፍ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ጆሮዋን ይጠልፍና የታችኛው ክር የተጠቀለለበትን ማጠንጠኛ ዙሪያውን ያዞራታል። የላዩ ክር የታቹን አቅፎ ይወጣል፣ ላይ ያለው ክንድ ትርፉን ይስባል፣ አለቀ። መንጠቆው ቀድሞ ቢደርስ የሚይዘው የለም፤ ቢዘገይ ጆሮዋ ከስማለች። መርፌው ዞሮ ከገባ ወይም ከጎበጠ ስፌት የሚዘለው ለዚሁ ነው።

የሚቀረው ክር ማመጣጠን ነው፤ ይሄ እጅ ይጠይቃል። ለመማር ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ክር አድርጋችሁ እራፊ ላይ ስፉ። ነጩ ወደ ላይ ብቅ ብቅ ካለ የላዩ ጠብቋል። ቀዩ ከታች ከታየ የላዩ ላልቷል። ልክ ሲሆን ሁለቱ ክሮች የሚተቃቀፉባት ቋጠሮ በጨርቁ ውፍረት መሃል ትደበቃለች፤ ከላይም ከታችም የማትታይ፣ ጥፍር የማያገኛት። መርካቶም ሆነ ሰፈር በረንዳ ላይ የሚሠሩት ባለ ቢራቢሮ ምልክቶቹ ጥቁር የቻይና መኪኖች የሲንጀር 15 ግልባጭ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ በደህና ልብስ ሰፊ እጅ ይቺን ቋጠሮ አሳምረው ይደብቃሉ። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ብቻ ነው የማይደበቀው፤ «ነገ ነይ» ያለኝ ሰው ሦስተኛ ነገ ላይ ነው መኪናዋን እንዳነሳ የገፋፋኝ።

እቤት መስፋት እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። ነገ የለም። የልጄን የዩኒፎርም እጥፋት ሰፋ አድርጌ ቀምቅሜ ስትረዝም እለቅላታለሁ። የባለቤቴ ሸሚዝ ኮሌታ አንገቱ ጋ ሲሳሳ ተርትሬ ገልብጬ እመልሰዋለሁ፤ ድሮ ኮት ሙሉው ይገለበጥ ነበር፣ ኮሌታማ ምንድን ነው? መተርተሩ ራሱ ደስ ይላል፤ የሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ገብቶ የት ጋ እንደቸኮለ ማየት ነው። ሌሊት ቤቱ ሲተኛ መዘውሩን በቀኝ፣ ጨርቁን በግራ ይዤ ጥግ ላይ ስደርስ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ትቼ እግሩን አነሳለሁ፣ ጨርቁን አዞራለሁ፣ እግሩን አወርዳለሁ። ለዚያች ጥግ ሞተር አያስፈልግም፤ አንድ ስፌት ብቻ ልሂድ ብትሏት አንድ ብቻ ትሄዳለች።

ባለፈው ለጥምቀት ለእቴቴ ቀሚስ ሰፋሁላት። ዓይኗ አሁን ደክሟል፣ ጥለቱን እንኳ በእጇ ነው የምትለየው። ዘርግቼ ስሰጣት «ገልብጠሽ አሳዪኝ» አለች። ገለበጥኩት። ጥፍሯ በጎኑ ስፌት ላይ ከብብት ተነሥታ ቀስ እያለች ወረደች፣ ወገቡን አለፈች፣ ጉልበቱ አካባቢ ስትደርስ ቆመች። ተመለሰች። ደግማ ሄደችበት።

«እዚች ጋ ሦስት ዘለሽ» አለች። «መርፌሽ ጎብጧል፤ ቀይሪው።»