የሐረር ጁገል መኖሪያ ቤቶች፤ በአከፋፈላቸው ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሐረር ጁገል የሚጻፈው ሁሉ ከቅጥሩ ይጀምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዓመት ያስገነቡት ይህ የድንጋይ አጥር ከሩቅ ይታያል፤ ጥንታውያኑ 5 በሮችም፣ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የሚባሉት፣ ለመቍጠር የተመቹ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ከተማይቱን በዓለም ቅርስነት በመዘገበ ጊዜ ያወጣው መግለጫም ይህንኑ ፈለግ ተከትሎ 82 መስጊዶችንና 102 የወልዮች ሥፍራዎችን ይቈጥራል። ወደ መኖሪያው ሲመጣ ግን ቤቶቹን በ3 ከፍሎ፣ የሐረሪ ቤት፣ የህንድ ቤትና ከሁለቱ የተደባለቀ ቤት ብሎ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ አከፋፈል ነው።

መግለጫው የሐረሪ ቤት አሠራር በሌሎች የእስላም አገሮች ከሚታወቀው የቤት ሥርዓት የተለየ መሆኑን መናገሩ ሊመሰገን ይገባዋል። ልዩነቱ የት እንዳለ ከተመረመረ ግን አከፋፈሉ ራሱ መፍረሱ አይቀርም። ልዩነቱ ከውጭ አይታይምና። በጠባቦቹ መንገዶች የሚያልፍ ሰው የሚያየው ግድግዳና የግቢ በር ብቻ ነው። ዛሬ ተመልካችን ደስ የሚያሰኘው ነጩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ቀለም እንኳ የጥንቱ መልክ ነው ብሎ ለመናገር አያስደፍርም፤ በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረርን ነጭ ከተቀቡት የምሥራቅ ከተሞች ጋር አስተያይቶ ጠቆር ያለች ሆና እንዳገኛት ጽፏልና።

ቤቱን ቤት የሚያሰኘው ውስጡ ነው። ከግቢው ተገብቶ የቤቱ ደጃፍ ሲታለፍ ጊዲር ጋር፣ ማለት ታላቁ ክፍል፣ ይገኛል። ጫማ የሚወልቀው ዝቅ ባለው ወለል ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ 5 መደቦች ተሠርተዋል። አሚር ነደባ የባለቤቱና የክቡር እንግዳ መቀመጫ ነው። ጊዲር ነደባና ጢት ነደባ ታላቁና ታናሹ መደብ ማለት ናቸው። ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚያስረዳው ሸሸግ ያለው ሲሆን፣ አምስተኛው ከበሩ አጠገብ ይገኛል። እንግዲህ አንድ ሰው ገና ሳይናገር፣ በተቀመጠበት ብቻ፣ ዕድሜውና ክብሩ ለቤተ ሰቡ ያለው ቅርበትም ይታወቃል። በስተጎን ያለው ኪርታት የተባለው ክፍል በተለይ የሴቶች ነው፤ ከላዩ ያለው ቀላ ደግሞ ጥንት በአብዛኛው እህልና ዕቃ ይቀመጥበት ነበር። ምግቡ የሚሰናዳው በግቢው ውስጥ ነው። ግድግዳውን የሚያለብሱት ሴቶቹ የሰፉአቸው ስፌቶችና በወግ የተደረደሩት ሳሕኖች ናቸው፤ ይህንንም እንደ ጌጥ ብቻ ቈጥሮ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል፤ የቤቱን እመቤት ሙያ በአደባባይ የሚያሳይ ነውና።

ስለ ነደባዎቹ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ አምስትነታቸው የእስልምና 5 መሠረቶች ምሳሌ ነው የሚል ነው። ስለ ቀዩ የመደብ ቅብም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ሁለቱም የባለቤቶቹ ቃል ናቸውና በክብር ሊመዘገቡ ይገባል። ነገር ግን ጸሐፊዎች እነዚህን ቃላት የሕንጻው መነሻ ምክንያት አድርገው ሲያቀርቡ ፈር ይለቃሉ። የመሠረቶቹ ቍጥር አንዱ መደብ ከሌላው ለምን ከፍ እንዳለ አይነግረንም፤ የሚነግረን የሸንጎው ሥርዓት ነው። የጨለንቆውም ትረካ የሚመሰክረው ሕዝቡ ስለ ድሉና ስለ ሽንፈቱ ያለውን ትዝታ እንጂ የግንበኛውን ሙያ አይደለም።

የህንድ ቤት የተባለው ከዚያው ከ1879 ዓ.ም. በኋላ በመጡ ነጋዴዎች የተስፋፋ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ ሰገነቱ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት ቤት ነው። ከእነዚህ እጅግ የታወቀው የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር መጀመሪያ የገባው በ1873 ዓ.ም. ሲሆን በ1884 ዓ.ም. በአገሩ ሞቷል፤ ቤቱን ግን አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቅኔው ያልኖረበት ቤት በስሙ ሲጠራ የአሠሪው ሥራ ከታሪክ ይሰወራል። ለጐብኚ ይህ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለተመራማሪ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ወገን፣ ድብልቁ፣ የአከፋፈሉን ድካም ይበልጥ ይገልጣል። አንድ ቤተ ሰብ በቀላው ላይ የእንጨት ሰገነት ቢጨምር፣ ከታች ግን በነደባው ሥርዓት ቢቀመጥ፣ ቤቱ የተደባለቀ ነው ከማለት ይልቅ የሐረሪ ቤት የህንድ ፊት ለበሰ ማለት ይሻላል። ግንቡ ሳይነካ ነደባዎቹ ለወንበርና ለአልጋ ሲባል የፈረሱበት ቤት ግን በዚሁ አከፋፈል የሐረሪ ቤት ተብሎ ይጻፋል። ይህም የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከወጣ ወዲህ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የታሰበ ጊዲር ጋር በግርግዳ ተከፍሎ ለተለያዩ ተከራዮች የሚሰጥበት ሁኔታ ደርሷል። እንዲህ ያለው ቤት ከመንገድ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ፊቱም ሊታደስ፣ ቀለምም ሊቀባ ይችላል። በውስጡ ግን አሚር ነደባው በአንዱ ተከራይ፣ የበሩ መደብ በሌላው እጅ ነው፤ ሥርዓቱ የሚቀመጥበት ሥፍራ የለም።

በቅጥሩ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ነው፤ ቤቱን ሁሉ በየደጃፉ ገብቶ ለመመርመር የሚከብድ ስፋት አይደለም። ወደፊት የሚደረግ ምዝገባ የነደባዎቹን ከፍታ ለክቶ፣ በየመደቡ ማን እንደሚቀመጥና ማን ይቀመጥ እንደ ነበረ ጠይቆ፣ ኪርታቱ ዛሬ ለምን እንደሚያገለግል ጽፎ ቢነሣ፣ የፊቱን ዓይነት በመጨረሻው ዓምድ ቢያኖረው በቂ ነው። መጠይቁም ለወንዶቹ ብቻ አይቅረብ፤ መደቡን የሚያስቀቡት፣ ስፌቱን የሚሰቅሉትና የሚያወርዱት ሴቶቹ ናቸው።