ጎማ ያበቀለ ቢሮ

የበጀት ሰነድ ማንበብ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ደግሞ ጭራሽ ቅጣት ነው። ሆኖም አንዳንዴ በቁጥር ጫካ መሀል አንዲት አንቀጽ ብቅ ትልና ልቦለድ የማይደፍረውን ትናገራለች። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው በጀት ውስጥ እንዲህ ያለች አንቀጽ አለች። ለካውንቲዎች የፕሮቤሽን መሥሪያ ቤቶች 20 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ ተንቀሳቃሽ ቢሮ የሚሆን መኪና ከነዕቃውና ከነመገናኛ መሣሪያው እንዲገዙበት። ለምን ቢሉ፣ በፕሮቤሽን ላይ ያሉ ሰዎች፣ በተለይ መጠለያ የሌላቸው፣ መጓጓዣና ስልክ የቸገራቸው፣ የተቆጣጣሪያቸውን ቀጠሮ ማክበር እንዲችሉ።

መንግሥት መኪና ሲገዛ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ምን ያስገርማል ትሉ ይሆናል። እኔን የያዘኝ መኪናው ሳይሆን ምክንያቱ ነው።

ፕሮቤሽን በእኛ የሕግ ቋንቋ ‹ገደብ› ለምንለው የቀረበ ነገር ነው። ጥፋተኛ የተባለው ሰው ወህኒ ከመውረድ ይልቅ ከቤቱ ሆኖ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተቆጣጣሪ ዓይን ሥር ጠባዩን ያሳያል። ቃሉ የወጣው ‹መፈተን› ከሚል የላቲን ግሥ ነው። የእኛም ‹አመክሮ› እንዲሁ የፈተና ቃል ነው፤ ገዳም የገባ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት የሚፈተንበት ጊዜ አመክሮ ይባላል፣ እስረኛም ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩ ሲመሰከርለት በአመክሮ ይፈታል። ሙከራም መከራም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው የሚፈተነው ምኑ ነው የሚለው ነው። ጠባዩ? ወይስ እግሩ?

ርቀቱን ለማየት ያህል ኢንዮ የምትባለውን የካሊፎርኒያ ካውንቲ ልውሰድ። ስፋቷ ከ26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አዲስ አበባን ሃምሳ ጊዜ ትውጣለች። ሕዝቧ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ 19 ሺህ ገደማ ነበር፤ መርካቶ ውስጥ በአንድ ጠዋት የሚጋፋ ሕዝብ ማለት ነው። ‹የሞት ሸለቆ› የሚባለው በረሃ አብዛኛው እሷ ውስጥ ነው። የካውንቲዋ መቀመጫ የሆነችው ከተማ ስሟ ኢንዲፔንደንስ ነው፤ ‹ነፃነት› ማለት። በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ካለችው ቴኮፓ ከምትባል መንደር ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ነፃ ሆኖ ለመቆየት የሞት ሸለቆን አቋርጦ ነፃነት ከተማ መድረስ! ይህን አንድ ተማሪ በድርሰቱ ቢጽፍልኝ ‹ተምሳሌቱ በዛ› ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር።

መኪና የሌለውስ? ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ መንጃ ፈቃዱን የተነጠቀስ? ሕጉ በአንድ እጁ መንጃ ፈቃዱን ይቀበለውና በሌላ እጁ ‹ማክሰኞ ጠዋት እንድትቀርብ› የሚል ወረቀት ያስይዘዋል። ሰውየው ሲቀር መዝገቡ ላይ ‹መንገድ ራቀበት› ተብሎ አይጻፍም። ‹ቀረ› ተብሎ ነው የሚጻፈው። ግሥ ደግሞ ባለቤት አለው፤ ጥፋቱም የባለቤቱ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰዋስው ስንቱን እንዳስገባ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት መንግሥታት ምክር ቤት የፍትሕ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት አሳይቷል፤ ወደ ክፍለ ግዛት ወህኒ ቤቶች ከሚገቡት 100 ሰዎች 45ቱ የሚገቡት የፕሮቤሽን ወይም የአመክሮ ግዴታ በመጣስ ነው። 25ቱ ደግሞ አዲስ ወንጀል እንኳ ሳይሠሩ፣ ቀጠሮ በመቅረት፣ በሽንት ምርመራ በመውደቅና በመሳሰለው።

የበጀቷን አንቀጽ የወደድኳት ለዚህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የግሡን ባለቤት ትቀይራለች። ሰውየው ያልመጣው ስላልፈለገ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቢሮውም ሩቅ ነው ትላለች። ቢሮ ደግሞ እግር ባይኖረው ጎማ ሊያበቅል ይችላል።

ለነገሩ ሥራው ሲጀመርም ቢሮ አልነበረውም። የፕሮቤሽን አባት የሚባለው ጆን ኦገስተስ የቦስተን ጫማ ሰፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ፍርድ ቤት ቁጭ ብሎ ሳለ አንድ ሰካራም ሊፈረድበት ሲል ‹እኔ ዋስ እሆነዋለሁ› አለና ወሰደው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰው አድርጎ መለሰው፤ ዳኛውም አንድ ሳንቲምና የፍርድ ቤቱን ወጪ ብቻ ቀጣው። ጫማ ሰፊው በ1859 እስኪሞት ድረስ ወደ 2 ሺህ ለሚጠጋ ሰው ዋስ ሆኗል፤ አንዳንዶቹንም ቤቱ አስገብቷል። ደመወዝ የለው፣ ቅጽ የለው። ማሳቹሴትስ ነገሩን በሕግ ያቆመችው በ1878 ነው። ከዚያ በኋላ ሕግ መጣ፣ ቢሮ መጣ፣ ወንበር መጣ፣ ሰውየውም ‹ና› ይባል ጀመር።

አሁን ወደ መኪናው ልመለስ፤ የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ። ሁለት መቶ ሰው በሚኖርበት መንደር፣ ጎኑ ላይ ‹ፕሮቤሽን› የሚል ጽሑፍ የተንጠራራበት ትልቅ መኪና የአንድን ሰው ደጅ ሲመታ አስቡት። ከተማ ውስጥ ቢሮ የሚገባና የሚወጣን ማንም አያየውም። ገጠር ግን… የእርዳታ ድርጅት መኪና መንደር ሲገባ ልጆች እንዴት እየሮጡ እንደሚከተሉት ያየ ያውቀዋል። ሰው ወህኒ ባይገባም ስሙ ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ የመኪናው ቀለም ከሞተሩ ያላነሰ ጉዳይ ነው። የሚቆምበትም ቦታ እንዲሁ፤ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ወይም ገበያ አጠገብ ቢቆም የገባው ሁሉ ለምን እንደገባ ጎረቤት አይቆጥርም።

ሌላው፣ ቀርቦ ማየት ሁለት ዓይነት ነው። ለመርዳት የሚቀርብ አለ፣ ለመያዝ የሚቀርብም አለ። መኪናው መታወቂያ የጠፋበትን መታወቂያ የሚያስወጣ፣ ከሱስ ማገገሚያ ጋር የሚያገናኝ ከሆነ እሰየው። የሽንት ብልቃጥ ብቻ ጭኖ የሚዞር ከሆነ ግን ወህኒ ቤቱን ወደ መንደሩ አቀረቡት እንጂ ሰውየውን አላገዙትም። የዓመቱ ሪፖርት ምን ይቆጥር ይሆን? የተነዳውን ኪሎ ሜትር፣ ወይስ ወህኒ ሳይመለስ የቀረውን ሰው?

ደግሞ የአንድ ጊዜ ገንዘብ ነገር አለ። መኪና መግዛት ፎቶ የሚያስነሳ ሥራ ነው። በአራተኛው ዓመት ጎማ ለመቀየር ግን ማንም ሪባን አይቆርጥም። እኛ ይህን ትምህርት በደንብ ተምረነዋል፤ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ በድንጋይ ላይ ቆሞ ዶሮ የምትፈለፍልበትን ላንድክሩዘር በስንቱ ወረዳ ግቢ አይተናል!

እኛ ጋ ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። ተዘዋዋሪ ችሎት አለን፤ ባለጉዳይ ከሚንከራተት ዳኛው ይሂድለት ተብሎ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ገደብንና አመክሮን ይፈቅዳል። ከፍርዱ በኋላ ያለው መንገድ ግን ዛሬም የሰውየው ብቻ ነው። በጥንቱ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይጓዙ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ጭካኔው አይካድም። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ አቀበቱ ለሁለቱም እኩል ይረዝማል፣ ፀሐዩም ሁለቱንም ይመታል።

እናም የአዲሱን መኪና ሊብሬ ከሚያሳዩኝ አንድ ቅጽ ቢያሳዩኝ እመርጣለሁ፤ መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶ ሳይመጣ በቀረበት ማክሰኞ የሚሞላውን ቅጽ። ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሟል። መዝገቡ ላይ ‹ቀረ› ከሚለው ግሥ ፊት የማን ስም ይገባል?