አንድ ፍሬ ከረሜላ

የድሮ ከረሜላ በተነሣ ቁጥር ሁሉም የሚያወራው ስለ ጣዕሙ ነው። ደስታ ከረሜላ ስንቱን ያስረሳ ነበር፣ ባናና ማስቲካ ገና ወረቀቱ ሳይላጥ ይሸት ነበር፣ የዛሬው ግን ውኃ ውኃ ይላል ይባላል። ስኳር ለሚያፈላ ሰው ይህ ወቀሳ ግራ ያጋባል። ስኳር ያው ስኳር ነው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ሲጀምር ያወጣውና ዛሬ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ አምበር ላይ የሚራገፈው በምላስ አይለይም። ለከረሜላ የሙዝ ሽታ የሚሰጠው አይሶአሚል አሲቴት የተባለው ቅመምም ትናንትም ዛሬም አንድ ውሕድ ነው። እንግዲህ የጠፋ ነገር ካለ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። በእኔ እምነት የጠፋው ጥንካሬው ነው፤ ሰው የሚናፍቀው አፍ ውስጥ የሚቆየውንና ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበረውን ከረሜላ ነው።

ጠንካራ ከረሜላ በሥሪቱ መስተዋት ነው። ስኳርና ውኃ ተጥደው ሲፈሉ ውኃው እየተነነ ይሄድና ሙቀቱ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የሚቀረው ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ወርዶ ቶሎ ከቀዘቀዘ ስኳሩ ተመልሶ ፍሬ ለመሥራት ፋታ አያገኝም፤ እንደጠራ ይደርቃል። ሎሚ ጠብ የሚደረግበት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጣነቱ የስኳሩን ከፊል ስለሚሰባብረው ከረሜላው አሸዋ አሸዋ እንዳይል ይጠብቀዋል። ማርም ይህን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ማር እርጥበት ይስባል፣ የጎጃም ክረምት ደግሞ እርጥበት አያጣም፤ ማር የበዛበት ከረሜላ ሐምሌ ላይ ከወረቀቱ አይላቀቅም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የአገሩ ከፍታ ነው። ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በባሕር ጠለል ልክ የተጻፈ መመሪያ ይዞ 150 እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ስኳሩን ከልክ በላይ ያበስለዋል። ይህን ፈርቶ ያለ ልክ ቀድሞ የሚያወርደው ደግሞ ውኃ ያስቀርበታል፤ እንዲህ ያለው ከረሜላ ጥርስ ላይ ይጣበቃል እንጂ አይሰበርም። ቴርሞሜትር የሌለው ባለሙያ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጥላል፤ ደርቆ ከተሰበረ ደርሷል። ይህ ፈተና ከፍታ አያሳስተውም፤ ለእኔ ከመሣሪያው ይበልጥ የሚታመን እሱ ነው።

መሰበሩ ለምን ይህን ያህል ክብደት ተሰጠው? መልሱ ያለው ልጆች ከረሜላ በሚካፈሉበት መንገድ ነው። ከረሜላ በሳንቲም፣ በፍሬ ይቸረቸር በነበረበት ዘመን አንድ ፍሬ ለሁለት ለሦስት መድረስ ነበረበት። ቢላ አያስፈልግም፤ ከረሜላውን በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ ጠርዝ ሸፍኖ በጥርስ መስበር ነው። ምራቅ አይነካውም፣ ስባሪው አይበተንም፣ ትልቁን ማን ወሰደ የሚለው ጠብም የጨዋታው ክፍል ነው። ይህ የሚሆነው ግን በደንብ የበሰለ፣ መስተዋት የሆነ ከረሜላ ሲገኝ ብቻ ነው። ለስላሳው፣ ወተትና ቅባት የገባበት፣ ቢነክሱት ይለጠጣል እንጂ አይከፈልም፤ ለአንድ አፍ የተሠራ ነው። መቆየቱም እንደዚሁ። ጠንካራው ይመጠጣል፤ ከጉንጭ ጉንጭ ይዘዋወራል፤ መንገድ ያጋምሳል። ለስላሳው ሁለት ጊዜ ታኝኮ ይዋጣል፤ እጅም ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ማርና ቆሎ ባለበት አገር የፋብሪካ ጣፋጭ መናፈቅ ምን ይሉታል የሚል ይኖራል። ነገሩን ወደ ቆሎው ባስጠጋነው ቁጥር ግን ዝምድናው ይታያል። የደገኛ ልጅ አፍ ቀድሞ የለመደው ቀጋ፣ አጋም፣ የሚዝለገለግ የዋንዛ ፍሬ፣ ከቆላ የሚወጣ ሸንኮራ አገዳ፣ ከሁሉም በላይ ገብስና ሽምብራ ቆሎ ነው። ቆሎ ደረቅ ነው፣ ይቆያል፣ በእፍኝ ይካፈላል። ሸንኮራውም በጥርስ ይላጣል፣ ይመጠጣል፣ አንጓው ለጓደኛ ይሰጣል። ከረሜላ ወደ ጎጃም ሲገባ አዲስ የነበረው ጣዕሙ ነው፤ የአበላሉ ሥርዓት ግን ቀድሞ ነበረ። ዳቦ ቆሎ ከከረሜላ ማሰሮ አጠገብ የሱቅ መደርደሪያ መጋራቱ አይገርመኝም።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የተለወጠው ከረሜላው ሳይሆን ምላሱ ነው የሚለው ነው። እውነትነት አለው። ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ብርቱ ጣፋጭ እንደሚወዱ በጥናት የታወቀ ነገር ነው፤ ለልጅ ምላስ ልክ የነበረው ለጎልማሳ ይከብዳል። ይህ ግን ሐሳቤን አያፈርሰውም፤ ጣዕምን በማሳመር ናፍቆትን መመለስ እንደማይቻል ነው የሚያሳየው። መሰበሩ ግን እንደ ጣዕሙ አይደለም። የሃምሳ ዓመት ሰው ጠንካራ ከረሜላ ሲነክስ የሚሰማው ድምፅ ያው የልጅነቱ ነው። አንዳንድ ነጋዴ የድሮ ስምና ብልጭልጭ ወረቀት አልብሶ ለስላሳ ሲሸጥ ገዢው አንዱን ቀምሶ የሚተወውም ለዚህ ይመስለኛል።

የጥርስ ነገር ግን በቀላሉ አይታለፍም። አፍ ውስጥ የሚቆይ ስኳር ጥርስን ይጎዳል፤ እኔ የማደንቀው መቆየት ሐኪም የሚያስጠነቅቅበት መቆየት ነው። የማቀርበው መከላከያ ቁጥሩ ብቻ ነው፦ ጉዳቱን የሚያባብሰው ጥርስ በቀን ስንቴ ስኳር እንደሚያገኘው ነው፣ የድሮው ልጅ ደግሞ አንዲት ፍሬ፣ እሷንም ተካፍሎ ነው የሚያገኘው። ዛሬ በከረጢት ለሚገዛ ልጅ ይህ መከላከያ አይሠራም፤ ስለዚህ ጠንካራ ከረሜላ የሚሠራ ሰው በፍሬ እንዲቸረቸር አድርጎ መሥራት አለበት፣ አለበለዚያ ሐኪሙ ይረታዋል።

እዚሁ አምበር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ድስት ለመጣድ የሚያስብ ካለ፣ ሎሚውን አይርሳ፤ ቀዝቃዛ ውኃም በአጠገቡ ያኑር። ቴርሞሜትር ካለው 150ን አይጠብቅ፤ 142 ላይ ያውርደው።