«አደንዛዥ ዕፅ» የሚለው ስያሜ ሲመረመር

በአማርኛ ጽሑፎች ሞርፊን፣ ሐሺሽ፣ ጫት፣ ኤል ኤስ ዲም ሳይቀር «አደንዛዥ ዕፅ» በሚል አንድ ስያሜ ተጠቃለው ሲቀርቡ እናያለን። ስያሜው ለሞርፊን ይስማማል፤ ሕመምን ያደነዝዛልና። ሕዝቡ ግን ከተርጓሚው ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ የአረቄውን ስካር፣ የጫቱን ምርቃና ብሎ ለይቶታል። «ዕፅ» የሚለውም ቢሆን ለኤል ኤስ ዲ አይሆንም፤ አልበርት ሆፍማን በ1938 እ.ኤ.አ. ባዝል ከተማ በቤተ ሙከራ ያዘጋጀው ቅመም ነውና።

የስያሜው ስሕተት ይበልጥ የተገለጠው በአንጎል ምስል ነው። የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከአንዳንድ እንጉዳዮች የሚገኘውን ሲሎሲቢን ለ8 ጤነኛ ሰዎች ሰጥተው አንጎላቸውን ፔት በተባለው መሣሪያ አንሥተዋል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ 2ኤ በተሰኙት የሴሮቶኒን ተቀባዮች ላይ የሚያርፍ፣ ጨረር የሚሰጥ ጠቋሚ ቅመም በደም ሥር ይገባል፤ ሲሎሲቢን በሰውነት ውስጥ ወደ ሲሎሲን ተለውጦ ቦታውን በያዘ መጠን የጠቋሚው ምልክት ይቀንሳል። ከተቀባዮቹ እስከ 72 በመቶ የሚደርሱት ተይዘው ተገኝተዋል፤ የተያዘው በበዛ መጠንም ሰዎቹ የሚናገሩት የስሜት ብርታት ጨምሯል። ይህ መነቃቃት እንጂ መደንዘዝ አይደለም።

ከዚህ ላይ «ተቀባይ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ተለምዷልና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን እንግዳ ተቀባይን፣ ገንዘብ ተቀባይን የለመደ ጆሮ የመጣውን ሁሉ በአንድ ዐይን የሚያስተናግድ ይመስለዋል። ኬታንሰሪን የተባለው መድኃኒት በዚያው ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ ሆኖም ቦታውን ይዘጋል እንጂ አያነቃውም። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው የዙሪክ ጥናት እንዳሳየው፣ ኬታንሰሪን አስቀድሞ ሲሰጥ የሲሎሲቢን ኃይል ይታገዳል። ስለዚህ «ተቀባዩን ያዘ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ያዡ አንቂ ይሁን ከልካይ አብሮ ሊነገር ይገባል።

ልዩነቱን ለአገራችን አንባቢ የሚያስረዳው አስተናግር፣ በሌላ ስሙ ዕፀ ፋርስ ነው። በአሰላ ዙሪያና በአርሲ ደጋ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል፤ የኦሮምኛ ተናጋሪው አሳንጊራ ይለዋል። (ስሙን ማን ከማን እንደወሰደው ለሌላ ጊዜ እናቆየው።) አስተናግር የሚሠራው በሴሮቶኒን በኩል አይደለም፤ የአሴቲልኮሊንን ተቀባዮች ይከለክላል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። ይህን «ቅዠት» ማለት ተገቢ ነው። ሲሎሲቢን የወሰደው ግን የሚያየው ነገር ከመድኃኒቱ እንደመጣ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ የትርጉም መመሪያ፣ ፍሬውን የበላ ሕፃን አሰላ ላይ የሚቀርብለትን የጤና ባለሙያ ሊያሳስት ይችላል፤ የአስተናግርን መርዝ የሚያረክሰው ፊዞስቲግሚን ለሲሎሲቢን አይረባምና።

«ሳይኬዴሊክ» የሚለውን ቃል ሀምፍሪ ኦዝመንድ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያበጀው «ነፍስ» እና «ግልጥ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው። «ነፍስ ገላጭ» ብሎ መተርጎምን አንደግፍም፤ በምስሉ የታየው የተቀባይ መያዝ እንጂ የነፍስ መገለጥ አይደለም። በእኛ አስተያየት «ግንዛቤ ለዋጭ» ይሻላል፤ ሴሮቶኒንም በስሙ ይቆይ፤ «ቅዠት አምጪ» ለአስተናግርና ለመሰሎቹ ይመደብ።