ነጩ ኅዳግ

የሥዕል መጽሐፍ፣ ማለትም ታሪኩን ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉ የሚሸከምበት የልጆች መጽሐፍ፣ ወደ ፊልም ሲመለስ ለሙያው አዲስ የሆኑ ሠዓሊዎች አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ፣ በጥቂት ቃላት የተጻፈ ታሪክ እንዴት ሙሉ ፊልም ይወጣዋል የሚል ነው። ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ ነው፤ ቃል የሚቆጥር ሰው ታሪኩ የት እንደ ተቀመጠ አላየምና።

አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በአማርኛ «አውሬዎቹ ያሉበት» ሊባል የሚችለውና በማግስቱ ዓመት ለሥዕል መጽሐፍ የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳሊያ ያገኘው መጽሐፍ ቃላቱ 350 እንኳ አይሞሉም። የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ያመሰው ማክስ ያለ እራት ወደ መኝታ ክፍሉ ሲላክ ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ኅዳግ፣ ማለትም ያልተሣለበት የገጽ ጠርዝ፣ ጨምቆ ይዞታል። ገጽ በተገለጠ ቁጥር በክፍሉ ውስጥ ዛፍ ይበቅላል፣ ሥዕሉ ይሰፋል፣ ኅዳጉም ያፈገፍጋል፤ ጫካው ገጹን ከሞላ በኋላ ሥዕሉ ወደ ጎረቤቱ ገጽ ይሻገርና አውሬዎቹ ሲጨፍሩ ሁለቱን ገጾች ከዳር እስከ ዳር ይዞ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ አንድም ቃል ሳይጠጋው ያልፋል። የልጁን ቁጣ የሚለካው እንግዲህ ኅዳጉ ነው፤ ገጹን የሚገልጠው ትንሽ እጅም ጫካውን አብቃይ ይሆናል።

ፊልም ሠሪው ስፓይክ ጆንዝ ከዚሁ መጽሐፍ ተነሥቶ ከደራሲ ዴቭ ኤገርስ ጋር ጽፎ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ101 ደቂቃ ፊልም ይህ የኅዳግ መሣሪያ የለውም፤ የስክሪኑ ስፋት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነውና፤ ይህ ግን ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው ክፍሉን መተዉ ነው፤ የፊልሙ ማክስ ከቤት ሮጦ ወጥቶ ጀልባ ያገኛል እንጂ ጫካው በአራቱ ግድግዳ መካከል አይበቅልም፣ ቁጣውም ቤቱን ከመለወጥ ይልቅ ከቤቱ ይሸሻል። ተዋንያን የለበሷቸው ግዙፍ የአውሬ አልባሳትና በኮምፒውተር የተንቀሳቀሱት ፊቶች ለአውሬዎቹ ክብደትና ትንፋሽ መስጠታቸው እውነት ነው፤ ሆኖም መጽሐፉ ስም እንኳ ያልሰጣቸው ፍጥረታት ረጅም ወግ ሲይዙ ከአውሬነታቸው ይጎድላሉ። ሴንዳክ ራሱ ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ሆኖ ሥራውን መደገፉም ክርክሩን አይዘጋውም።

ዕድሜውን በመሣል ላሳለፈ ሰው ከሁሉ የከበደው ትምህርት እጅን መሰብሰብ ነው፤ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ቅጠል ሲጨምር የኖረ ሠዓሊ በስተርጅና ቅጠሎቹን መፋቅ ይጀምራል። ሴንዳክ የማክስን እናት ከቶ አልሣላትም፤ ማክስን የሚጠብቀው እራት ገና ትኩስ መሆኑም በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለ ሥዕል፣ በቃል ብቻ ይነገራል። ጆንዝ በተራው ቃሉን አስቀርቶ ፊቷን ያሳያል፤ ማክስ ሲበላ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታየው ቆይታ እንቅልፍ ይጥላታል።