መምህሩና መሣሪያው፦ የፕላዝማ ትምህርት ከጉለሌ ክፍሎች አንጻር ሲመዘን

በአንድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ላይ ፍርድ ለመስጠት ዋጋውን፣ የምስሉን ጥራት ወይም የተሠራበትን አገር መጠየቅ አይበቃም። ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ፣ ተማሪው «አልገባኝም» ባለ ጊዜ መሣሪያውን የሚያቆመው ማን ነው? የሚለው ነው። ጠመኔ የያዘ መምህር እጁን ከሰሌዳው አንሥቶ ወደ ጠያቂው ይዞራል፤ የጻፈውን አጥፍቶ በሌላ መልክ ይጽፈዋል። ካርታ የሰቀለ መምህርም ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ክፍሉ በሙሉ እስኪያይ ድረስ ሊጠብቅ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ግን ይህን የማቆም ሥልጣን ከክፍሉ አውጥቶ ለማሰራጫ ጣቢያው ሰጠው። የሥርጭቱ ዋና ጉድለትም፣ ለኋለኞቹ መሣሪያዎች የሚተርፈው ትምህርትም የሚገኘው ከዚህ ላይ ነው።

ሀ. የሥርጭቱ ዓላማ

ሚዛናዊ ፍርድ ለመስጠት በቅድሚያ የሥርጭቱን በጎ ጎን መመልከት ይገባል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በፍጥነት ሲጨምር፣ ለደረጃው የሠለጠኑ መምህራን ቁጥር በዚያው መጠን ሊጨምር አልቻለም። የተሟላ ቤተ ሙከራ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። በዚህ ላይ የማስተማሪያው ቋንቋ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቋንቋው ለተማሪውም ለመምህሩም የዕለት መግባቢያ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት የሒሳብ፣ የሳይንስ፣ የእንግሊዝኛ፣ የጂኦግራፊና የሥነ ዜጋ ትምህርቶች በሳተላይት ሲሰራጩ፣ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ተማሪና በሩቅ ወረዳ ያለው ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ ታስቦ ነው። ዓላማው የእኩልነት ዓላማ ነበር። የደም ሕዋስን አጉልቶ፣ የአቶምን አምሳል እያንቀሳቀሰ፣ የእሳተ ገሞራን ፍንዳታ ከቅርብ አድርጎ ማሳየትም ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ የማይችሉት ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ በመሣሪያ ማስተማር በ1997 ዓ.ም. አልተጀመረም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ሥርጭት ነበረው። ለትምህርት በሬዲዮም የመምህሩ መምሪያ እየተዘጋጀ፣ መምህሩ ከሥርጭቱ በፊት፣ በሥርጭቱ ጊዜና ከሥርጭቱ በኋላ የሚያከናውነው ሥራ ይዘረዘር ነበር። በ1970ዎቹ የተስፋፉት የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከሎች ደግሞ መምህሩ በአካባቢው ከሚያገኘው ዕቃ መርጃ መሣሪያ በገዛ እጁ እንዲሠራ የሚያበረታቱ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ድካም ቢኖርባቸውም፣ መምህሩ የትምህርቱ ባለቤት፣ መሣሪያው ረዳት መሆኑን አይዘነጉም። የፕላዝማው አሠራር ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው።

ለ. በደቂቃ የታሰረ ትምህርት

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። ከ40 ደቂቃ ገደማ ክፍለ ጊዜ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉ የሥርጭቱ ነው። ለመምህሩ የሚተርፉት በመጀመሪያ ትምህርቱን ለማስተዋወቅ፣ በመጨረሻም ለመጠቅለል የሚሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። በሥርጭቱ መካከል አቅራቢው ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ይታለፋሉ፤ ተማሪው መለሰም አልመለሰም መልሱ ይነገራል። አቀራረቡ የውይይት መልክ አለው፤ ነገር ግን አንደኛው ወገን የማይሰማበት ውይይት ነው።

ከዚህ የተነሣ ተማሪው ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ማስታወሻ ቢጽፍ ንግግሩ ያመልጠዋል፤ ንግግሩን ቢያዳምጥ ማስታወሻ አይኖረውም። መምህሩም አንድን አስቸጋሪ ቃል በአማርኛ ለማብራራት ቢሞክር፣ ከመስኮቱ የሚወጣው ድምፅ ሳይጠብቀው ወደ ሚቀጥለው ነጥብ ያልፋል። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ የዕለቱ ሥርጭት በክፍሉ ላይ ያልፋል። በነዚያ ዓመታት በመምህራን ዘንድ የተሰማው ቅሬታ «መሣሪያው ሊተካን ነው» ከሚል ሥጋት ብቻ የመነጨ አልነበረም። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ እየቆመ፣ የተማሪዎቹን ፊት እያነበበ፣ ያነበበውን ግን ከሥራ ላይ ለማዋል አለመቻሉ የሙያ ችግር ነበር።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ይመሰክራል። በአሜሪካ ሳሞአ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው ትምህርት በቴሌቪዥን ሥርጭቱን የትምህርቱ ዋና አካል፣ የክፍሉን መምህር ተከታይ አድርጎ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በተለይ በላይኞቹ ክፍሎች፣ መምህራንና ተማሪዎች ስለ ሰለቹት ቴሌቪዥኑ ወደ አጋዥነት እንዲመለስ ተደርጓል። በሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገጠር ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተጀመረው ትምህርት ግን ዕድሜው ረዝሟል። በዚያ የተለመደው ሥርጭት 15 ደቂቃ ያህል ሆኖ፣ የቀረው ጊዜ ለመጽሐፍ፣ ለመልመጃና ከመምህሩ ጋር ለሚደረግ ውይይት የሚውል ነበር። ሁለቱም አገሮች የተጠቀሙት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የጊዜው አከፋፈል ነው።

ሐ. በጉለሌ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ከጊዜው ችግር ጋር የሚያያዝ ሁለተኛ ችግር አለ፤ እርሱም የስፍራ ነው። ለሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ የሚሰራጭ ትምህርት የማንኛውንም ቦታ መልክ ሊይዝ አይችልም። የሚከተለው ቀላል ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

ማንኛውም የሳይንስ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይናገራል። ቁጥሩ ትክክል የሚሆነው ግን በባሕር ወለል ከፍታ ነው። በጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው ቦታ፣ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንደ መድኃኔ ዓለም ወይም እንጦጦ አምባ ባሉ የጉለሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማር ልጅ በምድጃ ላይ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢያስገባ፣ መጽሐፉና መሣሪያው ሳይስማሙ ያገኛቸዋል። ይህ አለመስማማት ለሳይንስ ትምህርት ትልቅ ሀብት ነው። ስለ አየር ግፊት የሚነሣው ጥያቄ፣ ባቄላ በደጋ ለምን ቶሎ አይበስልም የሚለው የጓዳ ጥያቄ፣ ቴርሞሜትሩስ ትክክል ነውን የሚለው የተመራማሪ ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ይፈልቃሉ። ነገር ግን ጥያቄው እንዲነሣ ምስሉ መቆም አለበት። በማይቆም ሥርጭት ውስጥ ተማሪው 100 ብሎ ጽፎ ያልፋል።

ጂኦግራፊም የራሱ ምሳሌ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ የቆመ እንጨትም ጥላ አይኖረውም ለማለት ይቻላል። በሰኔ ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሰሜኑ ዓለም የተዘጋጀ ሥዕል የቀትርን ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን አውድቆ ሲያሳይ፣ የጉለሌ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በተከለ አንድ እንጨት ሥዕሉን ሊፈትነው ይችላል።

መ. መሣሪያው ወደ መምህሩ እጅ ሲመለስ

ከፕላዝማው ወዲህ ሌሎች መሣሪያዎች መጥተዋል። ዛሬ በብዙ መምህራን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ድምፅ ይቀርጻል፣ ምስል አዘግይቶ ያሳያል። ከሁሉም በላይ መምህሩ በፈለገበት ጊዜ ያቆመዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ስልክ ይዘው እንዳይገቡ ስለሚከለከል፣ ከዚህ በታች የተመለከቱት ዘዴዎች ለመላው ክፍል በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ቴሌቪዥን ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

1. ውጤቱ ሳይታይ ማቆም። የሙከራ ምስል ሲታይ መምህሩ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት አቁሞ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሚሆነውን ገምቶ በደብተሩ እንዲጽፍ ያደርጋል። ቀጥሎ ምስሉ ይለቀቃል። ግምቱን የጻፈ ተማሪ ውጤቱን የሚመለከተው በሌላ ዓይን ነው፤ የተሳሳተውም ስሕተቱን በገዛ ጽሑፉ ላይ ያገኘዋል።

2. ድምፁን ማጥፋት። ያው ምስል ያለ ድምፅ ይታይና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ማብራሪያውን ራሳቸው ይሰጡታል፤ በመጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። በዚህ ዓይነት መምህሩ የጎደለው ሐሳቡ ነው ወይስ ቋንቋው የሚለውን ለይቶ ያውቃል። የፕላዝማው ሥርጭት ሁለቱን አደባልቆ ሊለያቸው አልቻለም ነበር።

3. አካባቢውን ወደ ክፍል ማምጣት። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሠፈር ነው። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መርገጫውን ሲያፈራርቅ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። በባለሙያው ፈቃድ ለሁለት ደቂቃ የተቀረጸ ምስል፣ አዘግይቶ ሲታይ፣ ለፊዚክስ ስለ ኃይልና ስለ ውጥረት፣ ጥለቱም ለሒሳብ ስለ ምጥጥንና ስለ ተመሳሳይ ጎኖች ትምህርት ይሆናል። በቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች ሥራ ለኬሚስትሪ እንዲሁ ነው። ጥሬው ሸክላ በፀሐይ ቢደርቅ ውኃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ወደ 500 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚደርስ እሳት ሲተኮስ ግን በኬሚካል የታሰረውን ውኃ ስለሚያጣ ወደ ጭቃነት አይመለስም። አካላዊ ለውጥና ኬሚካላዊ ለውጥ የሚለያዩበትን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከዕውቀቱም ሌላ የሚገኝ ጥቅም አለ። ለረጅም ዘመን ሲናቅ የኖረ ሙያ የሳይንስ ትምህርት ምንጭ ሲሆን፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ለጓደኞቿ አስረጂ ትሆናለች።

4. ተማሪውን አዘጋጅ ማድረግ። ተማሪዎች የጥላውን ልኬት በየሳምንቱ ፎቶግራፍ አንሥተው በቅደም ተከተል ቢያኖሩት፣ በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ንብረት የሆነ፣ በሌላ በማንኛውም ሥፍራ የማይገኝ መርጃ መሣሪያ ይኖራቸዋል። የአውራጃ ፔዳጎጂ ማዕከሎች በካርቶንና በሽቦ ይሠሩት የነበረው ሥራ በአዲስ መሣሪያ ቀጠለ ማለት ነው።

እነዚህ ዘዴዎች ያለ ችግር የሚፈጸሙ አይደሉም። ከ50 የማያንሱ ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል የአንድ ስልክ መስኮት ለሁሉም አይታይም፤ ስለዚህ በየተራ በቡድን ማየት ያስፈልጋል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። የመምህሩ የግል ንብረት ለሥራ ሲውል ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅም መታሰብ አለበት። መምህሩ በፈቃደኝነቱ የሚሸከመው ወጪ የዕቅድ መሠረት ሊሆን አይገባውም።

ሠ. ለዕቅድ አውጪዎች የሚተርፍ ነገር

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ፣ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞክሯል። ያን ጊዜ የተገለጠው ነገር የፕላዝማውን ችግር ተቃራኒ ይመስላል። በስልክ የተላከለትን ትምህርት ተማሪው ሊያቆመውና ደግሞ ሊሰማው ይችላል፤ ነገር ግን አልገባኝም ሲል ፊቱን የሚያነብለት መምህር በአጠገቡ የለም። ስልክ በሌለበት ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ከሁለቱም አንዱን አላገኘም። በፕላዝማው ዘመን መምህሩ በክፍሉ እያለ ማቆሚያው ቁልፍ አልነበረውም፤ በወረርሽኙ ጊዜ ቁልፉ ሲገኝ መምህሩ ታጣ። ሁለቱ በአንድ ክፍል እንዲገናኙ ማድረግ ገና ያልተፈጸመ ሥራ ነው።

ስለሆነም አዲስ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። መምህሩ ትምህርቱን ለማቆም፣ ለመመለስና ለመዝለል ይችላልን? መብራት ወይም መገናኛ በተቋረጠ ቀን ትምህርቱ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ይገኛልን? መምህሩ የራሱን አካባቢ ምሳሌ ሊጨምርበት የሚችል ክፍት ሥፍራ አለውን? ለሦስቱም አዎንታዊ መልስ የማይሰጥ መሣሪያ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ፣ ለክፍሉ ውድ ነው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ በኩልም የሚጠበቅ ነገር አለ። ሥልጠናው መሣሪያውን እንዴት መክፈት እንደሚቻል በማሳየት ብቻ ሊወሰን አይገባውም። ዕጩ መምህሩ አንድ የ5 ደቂቃ ምስል ተሰጥቶት፣ የት እንደሚያቆመው፣ ባቆመበት ቦታ ምን እንደሚጠይቅና ተማሪው ባይመልስ ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ ቢደረግ፣ ከብዙ ሰዓት ገለጻ የበለጠ ፍሬ ያፈራል። ይህን መልመጃ ለመጀመር ተጨማሪ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በማንኛውም ትምህርት ቤት ያሉ የአንድ ትምህርት ክፍል መምህራን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ሊሠሩት ይችላሉ።