የፊርማ መሰላልና የመመለሻ መንገድ፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ የሥራ ፍሰት አደረጃጀት የቀረበ ሂስ

በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ የቆመው፣ በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ ለአራዳና ለፒያሳ ነዋሪ ከሁሉ አስቀድሞ የማመልከቻ፣ የማህደርና የማህተም ቤት ሆኖ ኖሯል። በእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የተለመደው አሠራር የታወቀ ነው። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከማህደሩ ጋር ተያይዞ ለኀላፊው ይቀርባል፤ ኀላፊው በኅዳጉ ላይ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፤ ተላላኪው ወስዶ በማስረከቢያ ደብተር ያስፈርማል። ይህ አሠራር በቀርፋፋነቱ ሲነቀፍ ኖሯል፤ ነቀፌታውም አላግባብ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ የተጎሳቆለ ደብተር አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ይኸውም ወረቀቱ በየትኛው ቀን በማን እጅ እንደገባ ነው። ዛሬ በጥራት አመራር ሶፍትዌር ውስጥ የሥራ ዱካ መዝገብ ተብሎ የሚቀርበው አገልግሎት ከዚህ ደብተር በመሠረቱ አይለይም።

አሳሳቢው ነገር ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲሸጋገር የተወሰደው ምንድን ነው የሚለው ነው። አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፍ፣ አሮጌውን የሥራ ሂደት እንዳለ ይዞ በመሣሪያ ማፋጠን ትርፉ አነስተኛ መሆኑን አመልክቶ ነበር። ይኸው አስተሳሰብ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በሚል ስም ወደ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ገብቶ ብዙ ሥልጠና ተሰጥቶበታል። ሆኖም የሥራ ፍሰት በሶፍትዌር ሲደራጅ በተደጋጋሚ የሚታየው ንድፍ የፊርማ መሰላል ነው፤ አንዱ ያቀርባል፣ ሁለተኛው ያያል፣ ሦስተኛው ያጸድቃል። ተላላኪው ቀርቷል፤ መሰላሉ ግን አንድ እርከን እንኳ አልጎደለም።

የመሰላሉ ጉድለት በግልጽ የሚታየው ማህደር ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርሱ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሌሎች ክፍላተ ከተማ ሄደዋል። ቤተ ሰብ ሲዛወር ልጅም ትምህርት ቤት ይለውጣል፤ ለዚህም መሸኛና የውጤት ማስረጃ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጥር 5 ቀን 2003 ዓ.ም. የተወለደ አንድ ተማሪ ይታሰብ። መዝጋቢው 05/05/2003 ብሎ ያስገባል። ሶፍትዌሩ የተሠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከሆነ ይህን ሜይ 5 ቀን 2003 ብሎ ያነበዋል፤ የልጁ እውነተኛ የልደት ቀን ግን በዚያ አቆጣጠር ጃንዋሪ 13 ቀን 2011 ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ከ8 ወር ይሆናል። በመጋቢት 2016 በአዲሱ ትምህርት ቤት የሚቀርበው የ13 ዓመት ልጅ በሰነዱ ላይ የ20 ዓመት ጎልማሳ ነው ማለት ነው። ይህን ሰነድ ከመዝጋቢው በኋላ የክፍል ኀላፊው መምህር፣ የሪከርድ ሠራተኛው፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩና ርዕሰ መምህሩ አጽድቀውታል።

አራት ሰዎች ስሕተቱን ለምን አላዩም? ስንፍና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱ ከንድፉ ውስጥ ይገኛል። ለአራቱም የቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ይጽደቅ ወይስ ይቅር የሚል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከተጻፈው ቀን ጋር የማስተያየት ግዴታ ለማናቸውም በስም አልተሰጠም። ስለዚህ እያንዳንዱ የፈረመው በሰነዱ ላይ ሳይሆን ከርሱ በፊት በተፈረመው ፊርማ ላይ ነው። አሜሪካዊው የጥራት ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ጥራትን ከፍተሻ ብዛት መጠበቅ ስሕተት መሆኑን ሲያስተምር የኖረው ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነበር።

በስም ረገድም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ኀይሉ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰዎች ናቸው። የሞክሼ ፊደላትን አጻጻፍ አስቀድሞ ያልወሰነ ሥርዓት ለአንድ ተማሪ ሁለት ማህደር ይከፍታል፤ ከሁለቱም አንዱ ጎደሎ ይሆናል።

ከመሰላሉ ይበልጥ ሊተች የሚገባው ግን የመመለሻ መንገዱ ነው። ስሕተት የተገኘበት ሰነድ ውድቅ ሲደረግ በብዙ ንድፍ ውስጥ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም በአዲስ ቁጥር እንደገና ይጀምራል። የመጀመሪያው ስሕተት ምን እንደ ነበረና በየትኛው እርከን እንደ ገባ የሚናገር የለም። የአይ.ኤስ.ኦ. 9001 የጥራት ደረጃ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. እትሙ በጽሑፍ እንዲዘጋጁ ካዘዛቸው ስድስት የአሠራር ሥርዓቶች መካከል ከመስፈርት የወጣ ውጤት የሚያዝበትና የእርምት ርምጃ የሚወሰድበት ሥርዓት ይገኙባቸዋል። የ2015ቱ እትም በጽሑፍ የማዘጋጀቱን ግዴታ ቢያላላም እርምቱን አልተወም። በ2018 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ድርጅቶች የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 21001ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሰነዱ ከነቁጥሩና ከነምክንያቱ ስሕተቱ ወደ ገባበት እርከን መመለስ አለበት። በየወሩ የሚቆጠረውም የጸደቀው ብዛት ብቻ ሳይሆን የተመለሰውና የተመለሰበት ምክንያት ጭምር ሊሆን ይገባል። ቀነ ገደብ ሲያልፍ ሰነዱ በራሱ እንዲጸድቅ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዝምታን ፊርማ ያደርገዋልና።

የሕግ እንቅፋት አለ እንዳይባል፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። ሐምራዊ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ልብን አያሳርፍም የሚለው ስሜት ግን በአዋጅ የሚሻር አይመስልም። በኮምፒዩተር የጸደቀውን አትሞ እንደገና ማህተም ማሳረፍ የቆየ ፍርሀት ነው፤ ሁለት የተለያዩ ሰነዶችም ይፈጥራል።

ልጁንና ሰነዱን በአንድ ጊዜ የሚያየው በተቀባዩ ትምህርት ቤት መስኮት ላይ ያለው መዝጋቢ ብቻ ነው። በቶዮታ ፋብሪካ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ ሥራውን ማስቆም ይችላል። እዚህ ግን የመመለስ ሥልጣን ለበላይ ኀላፊ ብቻ ከተተወ፣ ለመዝጋቢው የሚቀርለት መቀበል ወይም ወላጁን ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤት መልሶ መስደድ ነው። ወላጁ ከአዲሱ መኖሪያው ተነሥቶ ወደ አራዳ ሲመላለስ የልጁ የትምህርት ቀናት ያልፋሉ። ስለዚህ በሥራ ፍሰቱ ውስጥ በጽድቅና በውድቅ መካከል አንድ ሌላ ደረጃ ሊኖር ያስፈልጋል፤ ማህደሩ እርምት ላይ እያለ ተማሪው በጊዜያዊነት ተመዝግቦ ክፍል የሚገባበት፣ እርምቱን የሚፈጽመው ትምህርት ቤትና የሚፈጽምበት ቀን በስም የሚታወቅበት ደረጃ።